ውሃ ልታጠጣኝ ነው?

እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ የምቀዳው ከደብረ ብርሃን ነው፣ ጋቢ ተከናንቤ። ውሻ ሲጮህ ከሰማችሁ የጎረቤት ነው፣ ምንም ማድረግ አልቻልኩም።

እሁድ ዕለት አያቴ ጋ ስሄድ አረቄ እያወጣች ደረስኩ። ድፍድፉ ይፈላል፣ በመቃው ጠብ ጠብ ይላል፣ እሷ ኩበቷን አጠገቧ ከምራ ቁጭ ብላለች። ልርዳት ብዬ ሁለት ኩበት ብጨምር እጄን መታችኝ። «አንተ ልጅ፣ ውሃ ልታጠጣኝ ነው?» እኔ እንግዲህ ኬሚካል ኢንጂነሪንግ የተማርኩ ሰው ነኝ።

ግን ልክ ናት። በባሕር ወለል ላይ አልኮል በ78 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ ውሃ በ100። እኛ ጋ ከ2,700 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃውም 90 አካባቢ ሲደርስ ይፈላል። እሳቱ ከበረታ ውሃው በብዛት አብሮ ይተንና አረቄው ይቀጥናል፣ ሲብስም ድፍድፉ ገንፍሎ መቃው ውስጥ ይገባል። ከደከመ ደግሞ ጠብታው ይቆማል፣ ኩበቱ በከንቱ ይነዳል። እሷ ጠብታውን እያየች ኩበቱን አንዴ ትገፋለች፣ አንዴ ትስባለች። ፋብሪካ ውስጥ ይህ ሥራ ፕሮሰስ ኮንትሮል ይባላል፤ የሚለካው ሴንሰር፣ ልኩን አይቶ የሚወስነው ኮንትሮለርና የእንፋሎት ቫልቭ ይሠሩታል። ልብ በሉ፣ መዋዠቁ አይጠፋም። ከምርቱ ላይ ተነስቶ ወደ ቫልቩ ይዛወራል። ጠብታው እኩል የሚወርደው የአያቴ እጅ ስለማያርፍ ነው።

ኢንተርንሺፕ የወጣሁበት አንድ ፋብሪካ፣ የማታ ፈረቃው ኦፕሬተር ኮንትሮለሩን ማንዋል ላይ፣ ማለትም በእጅ የሚሠራበት ላይ፣ አድርጎ እንፋሎቱን ለቀቅ ያደርገው ነበር። ምርቱ በሚጣራበት የፋብሪካ ማማ ውስጥ፣ ከአያቴ ጋን በተለየ፣ ከተነነው ከፊሉ ቀዝቅዞ ወደ ማማው ስለሚመለስ እንፋሎት ሲጨመር ምርቱ ይበልጥ ይጠራል። ለምን ስለው «ከመጉደል መትረፍ ይሻላል» አለኝ። ያኔ ብልህ መስሎኝ ነበር። ብሩ የሚያልቀው ግን እዚያ ነው። ደንበኛው ቢያንስ 95 በመቶ ንጹሕ ምርት ይፈልጋል እንበል። ምርታችሁ በሁለት ነጥብ ወዲያና ወዲህ የሚዋዥቅ ከሆነ፣ ከ95 እንዳይወርድ 97 ላይ ትሠራላችሁ። ደንበኛው ለተጨማሪዋ ንጽሕና ሳንቲም አይጨምርም፣ እንፋሎቱን ግን እናንተ ትከፍላላችሁ፣ በየሰዓቱ፣ ዓመቱን ሙሉ። መዋዠቁን ወደ ግማሽ ነጥብ ካወረዳችሁት 95.5 ላይ መሥራት ትችላላችሁ። አዲስ ማማ አልገዛችሁም፣ ሰው አልቀጠራችሁም። ነዳጁ ቀነሰ፣ በዚያው ማማ ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ምርት ማሳለፍም ይቻላል።

ትምህርት ቤት የፕሮሰስ ኮንትሮልን ዓላማዎች በዝርዝር አሸምድደን ነበር የተፈተንነው፤ ደህንነት፣ አካባቢ፣ ጥራት፣ ትርፍ እያልን። ደህንነት ለምን አንደኛ እንደሆነ የገባኝ በ2005 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ቴክሳስ ሲቲ የሆነውን ሳነብ ነው። በነዳጅ ማጣሪያው ማማ ውስጥ ፈሳሹ እየሞላ ሳለ መለኪያው እየወረደ ነው ይል ነበር፣ ሁለተኛው የከፍታ ማስጠንቀቂያም አልጮኸም። ማማው ሞልቶ ፈሰሰ፣ የወጣው ነዳጅ ተንኖ ፈነዳ፣ 15 ሰው ሞተ። ኦፕሬተሩ ስክሪኑን ቢያፈጥበት ምን ያደርጋል፣ ቁጥሩ ራሱ ውሸት ከሆነ!

አያቴን መለኪያሽ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኳት። ጠብታውን ታያለች፣ ትቀምሳለች፣ ጆሮዋንም ወደ ጋኑ ትሰጣለች። ሦስት ሴንሰር በሉት፣ አንዱ ቢዋሽ ሁለቱ አሉ። «ሲያጉረመርም ስማው፣ ያኔ እሳቱን ሳብ» አለችኝ። ድምፁን በስልኬ ቀድቼዋለሁ፣ አሁን እለቅላችኋለሁ። መሐል ላይ የሚስለው ሰው እኔ ነኝ፣ የኩበቱ ጭስ ነው።