ፊልጶስ አስቀድሞ ጠየቀ

እሷ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን፤ ከጅማ ነን። ወንድሜ፣ በቀጥታ እንግባ። ወንጌል መመስከር የሚፈልጉ ልጆች "ምን ብዬ ልጀምር?" እያሉ ይጠይቁናል።

እሱ፦ ሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8ን ያንብቡ። የኢትዮጵያ ንግሥት የህንደኬ ጃንደረባ ከኢየሩሳሌም ሲመለስ ሰረገላው ላይ ኢሳይያስን ያነባል። ፊልጶስ ሮጦ ደረሰበት። መጀመሪያ ሲያነብ ሰማው። ከዚያ "በውኑ የምታነበውን ታስተውለዋለህን?" ብሎ ጠየቀው።

እሷ፦ ሰረገላው ላይ የወጣውም "ና ተቀመጥ" ተብሎ ነው። ይሄን ብዙዎቻችን እናልፈዋለን።

እሱ፦ በጣም! እኛ ሰውየው ምን እያሰበ እንደሆነ ሳንሰማ ስብከቱን እናወርድበታለን።

እሷ፦ ግን ፊልጶስ ኢሳይያስን ባያውቅስ? ሰውየው እኮ ቀላል ጥያቄ አልጠየቀውም። "ነቢዩ ይሄን የሚለው ስለ ራሱ ነው ወይስ ስለ ሌላ?" አለው። እንደ በግ ወደ መታረድ ስለተነዳው፣ ምዕራፍ 53 ነው። ፊልጶስ ከዚያው ክፍል ተነስቶ ስለ ኢየሱስ ነገረው።

እሱ፦ እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ጥቅስ እናውቃለን፣ ምዕራፉን አናውቅም። ኤርምያስ 29፥11ን ውሰጂ። ባጃጅ ላይ፣ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ታዪዋለሽ። እግዚአብሔር "ፍጻሜና ተስፋ" እሰጣችኋለሁ የሚለው። ግን እሱ ወደ ባቢሎን ለተማረኩ ሰዎች የተላከ ደብዳቤ ነው። ከፍ ብለሽ ቁጥር 10ን ስታዪ በባቢሎን ሰባ ዓመት ይላል!

እሷ፦ ምዕራፍ 28 ላይ ደግሞ ሐናንያ ምርኮው "በሁለት ዓመት ያልቃል" ብሏቸው ነበር።

እሱ፦ አዎ፣ ሐሰተኛው ነቢይ። አሁን ሥራ ላጣ ሰው ቁጥር 11ን ብቻ ነግረሽው ብትሄጂ፣ ሳታስቢው የሐናንያን ቃል ነው የሰጠሽው። ወሩ ሲያልፍ በእግዚአብሔር ይቀየማል። ሰባውን ዓመት አብራችሁ ብታነቡ ግን፣ እግዚአብሔር በምርኮ ውስጥም ሕዝቡን እንዳልተወ ያያል። ያ ነው የሚያጽናናው።

እሷ፦ ያው ደብዳቤ ቁጥር 7 ላይ ስለምትኖሩባት ከተማ ሰላም ጸልዩ ይላል። እኛ ጅማ ከሙስሊም ጎረቤቶቻችን ጋር ቡና የምንጠራራ ሰዎች ነን። ጎረቤቴ ስለ እምነቴ ስትጠይቀኝ በደስታ እነግራታለሁ። ጴጥሮስ ለሚጠይቋችሁ መልስ ስጡ ሲል "በየዋህነትና በፍርሃት" ብሏል። ጎረቤትን በክርክር ማሸማቀቅ ምስክርነት አይደለም፤ በዚህ አልደራደርም።

እሱ፦ አሜን። በሰውየው ቋንቋ መናገርም አለ። አስቴር ጋኖን ታስታውሻለሽ?

እሷ፦ እንዴት እረሳታለሁ! በሊሙ እናርያ ንጉሥ ባሪያ የተደረገች ልጅ ናት። ሊሙ እኮ እዚሁ አጠገባችን ነው። ባሕር ተሻግራ ልትሸጥ ስትል እ.ኤ.አ. በ1886 ነፃ ወጣች። ከዚያ በምጽዋ አቅራቢያ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማረች።

እሱ፦ ኦኔሲሞስ ነሲብም በልጅነቱ ተሸጦ ነፃ የወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1899 የታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም የሁለቱ ድካም አለበት። ከቀያቸው ተነጥቀው ሄደው ለወገናቸው ቃሉን አዘጋጁ። እኛ ስልካችን ላይ በአማርኛም በኦሮምኛም ይዘነው፣ አንድ ምዕራፍ ለመጨረስ ይደክመናል።

እሷ፦ እንግዲህ ለሳምንት ምን እናንብብ?

እሱ፦ ኤርምያስ 28ንና 29ን፣ ሙሉውን። ከአንድ ሰው ጋር፣ ጮክ ብላችሁ፤ እሱ በሚቀናው ቋንቋ። ስትጨርሱ መጀመሪያ እሱ ይጠይቅ።