ስንት ውሃ?

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የምቀዳው ከወጥ ቤት ነው። አብሲት ጥጃለሁ፤ በመሃል የማማሰያ ድምፅ ከሰማችሁ እሱ ነው። ባሕር ዳር ከሰዓት ጀምሮ እየዘነበ ነው፤ ከሐይቁ በኩል የሚመጣው ንፋስ መስኮቱን እየደበደበው ነው።

የማወራችሁ ስለ ውሃ ነው። ስለ ጣና አይደለም፣ ሊጥ ውስጥ ስለሚገባው።

እህቴ አምና ለሥራ ደብረ ታቦር ገባች። እንጀራ ጋግራ አታውቅም፤ ቤታችን ውስጥ ከእናቴ ቀጥሎ ምጣድ የምይዘው እኔ ነበርኩ። "እታለም፣ በቃ ጻፊልኝ" አለችኝ። እናቴን ስንት ውሃ ብላችሁ ብትጠይቋት መልሷ "እስኪበቃው" ነው። እኔ ግን ተምሬያለሁ ባይ ነኝ፤ በጆግ ለክቼ፣ ለ3 ኪሎ ጤፍ 4 ሊትር ተኩል፣ በ3ኛው ቀን አብሲት ብዬ በቴሌግራም ላክሁላት። እንዴት ኮርቼ ነበር መሰላችሁ!

የመጀመሪያው እንጀራዋ ዓይን የሚባል ነገር የለውም። ፎቶውን ሳየው ቂጣ ነው። "ውሃው በዝቶ ነው፣ ቀንሺ" አልኳት። ቀነሰች። ሁለተኛው ባሰ፤ ሊጡ ወፍሮ ምጣዱ ላይ አልዞር አላት። "እንግዲያው ጨምሪ።" ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እምቦጭ ማለት ይኼ ነው። በነገራችን ላይ፣ የተረቱ እምቦጭ የውሃው ድምፅ ነው፤ እኛ እዚህ ግን ቃሉን ስንሰማ ሐይቁን የወረሰው አረም ነው ቶሎ ትዝ የሚለን።

እናቴ ጎን ተቀምጣ ስልኩን እየሰማች ነበር። "ውሃውን ተዪውና፣ ከላዩ ጠልሎ ነበር ወይ በያት" አለችኝ።

አልጠለለም። እሷም መጥለል እንዳለበት አታውቅም፣ እኔም አልጻፍኩላትም።

ለማታውቁት፦ ሊጥ ሲቦካ ዱቄቱ ወደ ታች ይቀመጥና ከላይ ብጫ ውሃ ይቀራል። እርሾ ብለን ለሚቀጥለው ቡኮ የምናስቀምጠው እሱኑ ነው። መቦካቱ ደግሞ ሙቀት ይፈልጋል። ባሕር ዳር ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ቀኑ ሞቅ ያለ ነው፣ ሊጡ በሁለት ሦስት ቀን ይደርሳል። ደብረ ታቦር ወደ 2,700 ሜትር ነው፣ ብርዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። የእህቴ ሊጥ በ3ኛው ቀን ገና እንቅልፍ ላይ ነበር። እሷ አብሲት ትጥልበታለች፣ እኔ ከዚህ ሆኜ ውሃ አስጨምራለሁ፣ አስቀንሳለሁ። ችግሩ የቀኑ እንጂ የውሃው አልነበረም። በ5ኛው ቀን ስትጋግር ማሟሻዋ ራሷ ዓይን አወጣች።

ሩዙ ግን እውነትም የውሃ ጉዳይ ሆነ። ከባሕር ዳር ስትመለስ ወረታ ላይ የፎገራ ሩዝ ትገዛለች። እዚህ አንድ ስኒ ሩዝ በሁለት ስኒ ውሃ ይበስልልኛል፤ እሷ ጋ ውሃው አልቆ ልቡ ጥሬ ይቀራል። ምክንያቱ ከፍታው ነው። ባሕር ጠረፍ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፣ እኛ ጋ በ94 ገደማ፣ እሷ ጋ በ91 ገደማ። ያው ይንተከተካል፣ ግን ሙቀቱ ያንሳል፤ እህሉ ቆይቶ ይበስላል፣ በቆየ ቁጥር እንፋሎቱ ይወጣል። ግማሽ ስኒ ጨምሪ፣ ክዳኑን አትክፈቺ አልኳት። ክዳኑን መክፈት ትወዳለች፣ ከልጅነቷ ጀምሮ።

ስለ ቁሌት ብዙ አልልም። ሽንኩርቱ የራሱ ውሃ አለው፤ መጀመሪያ በደረቁ፣ ሊይዝ ሲል ብቻ ጠብ ማድረግ ነው። ከመጀመሪያው ውሃ የሚገለብጥበት ሰው ወጡን እየቀቀለው ነው። በዚህ ላይ አልደራደርም።

እሑድ ደግሞ ደወለች። ድፎ ልትደፋ፣ እጇ በሊጥ ተለውሶ፣ ስልኩን በትከሻዋ ይዛ። "እታለም፣ ለዚህ ስንዴ ስንት ውሃ?" የገዛችው ዱቄት ከሌላ ወፍጮ ነው፤ ደርቆ ይሁን እርጥበት ይዞ እኔ ከዚህ አላየው። "አንድ ብርጭቆ ወደ ጎን አስቀሪና መጨረሻ ላይ በእጅሽ እያየሽ ጨምሪ" አልኳት።

"እስከ ስንት?"

አፌ ላይ የመጣው የእናቴ ቃል ነበር። እናቴ ደግሞ አጠገቤ ናት፤ ቀና ብላ አየችኝና ሳቀች።

ኧረ አብሲቴ መያዝ ጀመረ መሰለኝ፣ ሸተተኝ። ልሂድ። ቻው፣ ደህና እደሩ።