የመጀመሪያ ቤዝ ጊታር፦ እጃችሁ ይምረጥ

እሺ ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ እኔና ማይኩ ብቻ ነን፣ ስለዚህ የመጣልኝን እያወራሁ እሄዳለሁ። ቤዝ መጀመር የሚፈልጉ ሰዎች ሁሌ የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ፣ "የቱን ልግዛ?" የሚል፣ ከጥያቄው ጋር ደግሞ ፎቶ ይልካሉ። ቀዩ ይሻላል ጥቁሩ፣ ባለ አራት ክሩ ይሻላል ባለ አምስቱ፣ ይሄኛው ድምፁ ወፈር ይላል ዩቲዩብ ላይ ሰምቼዋለሁ ምናምን። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቃቸው፣ ይዛችሁት ታውቃላችሁ ወይ? ጭናችሁ ላይ አድርጋችሁ፣ የመጀመሪያውን ፍሬት፣ አንገቱ ላይ ያለውን የብረት መስመር ማለቴ ነው፣ ተጭናችሁ አይታችኋል? ነው። አብዛኛው ሰው አልያዘውም።

ይሄን የምጠይቀው ለምን መሰላችሁ፣ ቤዝ ትልቅ ዕቃ ነው፣ ፎቶ ላይ ግን ትልቅነቱ አይታይም። መደበኛ በሚባለው ቤዝ ላይ ክሩ የሚንቀጠቀጥበት ርዝመት፣ ማለትም ከላይ አንገቱ ጫፍ ላይ ክሩ ከሚያርፍበት ከነቱ እስከ ታች አካሉ ላይ ክሩ እስከሚያርፍበት ብሪጁ ድረስ፣ 34 ኢንች ነው፣ 86 ሴንቲሜትር ከምናምን። ብዙ ኤሌክትሪክ ጊታር 25 ኢንች አካባቢ ነው። ስለዚህ ፍሬቶቹ ተራርቀዋል፣ ክሩ ወፍራም ነው፣ ጊታር የሚችል ሰው ራሱ ቤዝ ሲይዝ አራቱን ጣቶቹን በአራት ፍሬት ላይ መዘርጋት ያቅተዋል፣ በተለይ ነቱ አካባቢ። ግዴታም አይደለም እኮ፣ እዛ ጋ ብዙ ቤዚስት በሌባ ጣት፣ በመሀል ጣትና በትንሿ ጣት ነው የሚሠራው፣ ቀለበት ጣት ትንሿን ያግዛል፣ አያያዙ ከኮንትራባስ፣ ቆመው ከሚጫወቱት ትልቁ ቫዮሊን መሰል ቤዝ፣ የመጣ ነው። ግን ጀማሪ ይሄን የሚነግረው የለም፣ እጄ ትንሽ ነው፣ ለኔ አልተፈጠረም ብሎ ይተወዋል።

እጃችሁ ትንሽ ከሆነ ወይ ደግሞ መዘርጋቱ በጣም ካስጨነቃችሁ ሾርት ስኬል የሚባል አለ፣ 30 ኢንች አካባቢ፣ ወደ 76 ሴንቲሜትር። ሰው የልጆች መጫወቻ ይመስለዋል፣ ይሄ ነገር ያናድደኛል፣ ምክንያቱም ፖል ማካርትኒ ከቢትልስ ጋር ይዞት የሚታየው ያ ቫዮሊን የሚመስለው ሆፍነር የሚባል ቤዝ ሾርት ስኬል ነው፣ ታዋቂው የአሜሪካ ጊታር ካምፓኒ ፌንደርም ሙስታንግ ቤዝን በ1966 ያወጣው በዚሁ ልክ ነው። ድምፁ ክብ ያለ ነው፣ ክሩ ላላ ይላል፣ ከሁሉም ወፍራሙ ክር አንዳንዴ ትንሽ ይደበዝዛል። በቃ ይሄ ነው ጉዳቱ። ለጀማሪ ደግሞ የክሩ መላላት ጉዳት ሳይሆን ዕረፍት ነው።

ክብደትም አለ። ብዙ ቤዝ ከ3 ኪሎ ተኩል እስከ 4 ኪሎ ተኩል ይመዝናል፣ አምስት ደቂቃ ስትይዙት ምንም አይደለም፣ አንድ ሰዓት ቆማችሁ ስትለማመዱ ግን ትከሻችሁ ይናገራል። ስለዚህ ስትሞክሩት ተቀምጣችሁ ብቻ አትሞክሩ፣ ማንገቻውን አጥልቃችሁ ቁሙና ግራ እጃችሁን ልቀቁት። አንገቱ ወደ መሬት ከወረደ ያ ቤዝ ጭንቅላቱ ከባድ ነው፣ ሁልጊዜ በግራ እጃችሁ ልትደግፉት ነው ማለት ነው፣ ያ እጅ ደግሞ ኖት መያዝ ነበረበት። ሰፊ ማንገቻ ትንሽ ያስታግሰዋል፣ አያድነውም።

እኔ ጋ ሁለት ቤዝ አለ። አንደኛው ድምፁ የሚያምር ነው፣ ሲቀረፅ ሰዎች ይሄ ምንድነው ይላሉ፣ ግን ከባድ ነው፣ እና ብዙውን ጊዜ ቦርሳው ውስጥ ነው። ሌላኛው ተራ ነው፣ ቀላል ነው፣ ስታንድ ላይ ነው የሚቆመው፣ ስልክ እያወራሁ ራሱ አንስቼው እነካካለሁ። ስለዚህ ቤዝ የምጫወተው ባመዛኙ በሱ ነው። ስለ መጀመሪያ ቤዝ ሳስብ የሚመጣልኝ ይሄ ሁለተኛው ነው፣ ለጀማሪ የሚጠቅመው ሳያስበው የሚያነሳው ዓይነት ነው። ጓደኛችሁ የወደደውን ዝም ብላችሁ አትግዙ፣ ጫማ በጓደኛ እግር ተለክቶ አይገዛም።

እሺ፣ ወደ ሞዴል ስንመጣ፣ ብዙ ቤዝ በሁለት አሮጌ ዲዛይኖች ዙሪያ ነው የሚዞረው፣ ሁለቱም የፌንደር ናቸው። ፕሪሲዥን በ1951 ወጣ፣ ጃዝ ቤዝ በ1960። ፕሪሲዥኑ አንድ ፒክአፕ አለው፣ የክሩን ንዝረት የሚይዘው ማግኔት ማለት ነው፣ ከዛ አንድ የቮልዩም ማዞሪያ፣ አንድ ድምፁን የሚያደምቅና የሚያደበዝዝ የቶን ማዞሪያ፣ በቃ። ጃዙ ሁለት ፒክአፕ አለው፣ ለእያንዳንዱ ቮልዩም፣ እና አንድ ቶን፣ ስለዚህ ድምፅ የማቀላቀል ዕድል ይሰጣል፣ ግን የተለመደው ባለ አንድ ጥቅል ሽቦ ፒክአፕ፣ ሲንግል ኮይል የሚባለው፣ ከሆነ አንዱን ፒክአፕ ብቻ ስትጠቀሙ ሁም የሚል ድምፅ ያሰማል። ለኔ ትልቁ ልዩነት እሱ አይደለም። የጃዙ አንገት ነቱ ጋ 38 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፣ ፕሪሲዥኑ ሰፋ ይላል፣ ከ41 እስከ 44 እንደ ሞዴሉ። ጥቂት ሚሊሜትር ነው፣ እጅ ግን ወዲያው ይለየዋል። ዛሬ በእነዚህ ዲዛይኖች የማይሠራ ካምፓኒ ማግኘት ይከብዳል፣ የፌንደር ርካሹ ብራንድ ስኳየር አለ፣ ያማሃና አይባኔዝም የራሳቸው ለጀማሪ የሚሆን ጥሩ ጥሩ ቤዝ አላቸው።

ድምፅስ የምትሉ ትኖራላችሁ። ጄምስ ጄመርሰን፣ በ1960ዎቹ ሞታውን የሚባለው የአሜሪካ ሙዚቃ ካምፓኒ ባወጣቸው ብዙ ዘፈኖች ላይ የሚሰማው ቤዝ የሱ ነው፣ ፕሪሲዥን ላይ ለስላሳ ክር፣ ፍላትዋውንድ የሚባለውን አድርጎ፣ በቀኝ እጁ ሌባ ጣት ብቻ ነው ይጫወት የነበረው። አንድ ጣት! ያንኑ ቤዝ ለኔ ብትሰጡኝ የሚወጣው የኔ ድምፅ ነው። ፒክአፕ ልዩነት ያመጣል፣ አልክድም፣ ግን ጀማሪ እጅ ላይ ያ ልዩነት ገና አይሰማም፣ ክሩን ብሪጅ አጠገብ መምታትና አንገት አጠገብ መምታት የበለጠ ይለያያል።

አምስት ክር እንዴት ነው ይሉኛል። የምትወዱት ሙዚቃ ዘመናዊ ጎስፐል ወይ ሜታል ከሆነ ግዙ፣ አልቃወምም። ካልሆነ አራት። በአራቱ ላይ የመጨረሻው ወፍራም ክር ኢ ነው፣ 41 ሄርዝ አካባቢ፣ አምስተኛው ቢ ደግሞ 31 አካባቢ ይወርዳል፣ ትንንሽ ስፒከሮች ይሄን በደንብ አያወጡትም፣ ስለዚህ ቤት ውስጥ በትንሽ አምፕ፣ ማለትም በድምፅ ማጉያ፣ ለሚለማመድ ሰው የማይሰማውን ክር ተሸክሞ መዞር ነው። በዛ ላይ አንገቱ ይሰፋል፣ የማትመቱትን ክር ዝም ማሰኘት ራሱ አንድ ሥራ ነው፣ ቤዝ ላይ ግማሹ ችሎታ እሱ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

አክቲቭና ፓሲቭ የሚባለውን ቶሎ ልለፈው። አክቲቭ ውስጡ ፕሪአምፕ፣ ድምፁን የሚያጎላ ትንሽ ሰርኪት፣ አለው፣ ብዙ ጊዜ በ9 ቮልት ባትሪ ነው የሚሠራው፣ ኬብሉን ሰክታችሁ ከተዋችሁት ባትሪው ያልቃል። ፓሲቩ ይሄ ጣጣ የለበትም።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ልምጣ፣ ማለት ሁሉንም ብትረሱ ይሄን አትርሱ፣ ሴትአፕ፣ ቤዙን ለእጅ እንዲመች ማስተካከል ማለት ነው። ብዙ ጀማሪ የሚያቆመው ክሩ ከፍሬቱ በጣም ርቆ ስለተቀመጠ ነው፣ ይጫናል፣ ጣቱ ያመዋል፣ ኖቱ አይወጣም፣ ከዛ ተሰጥኦ የለኝም ይላል። ተሰጥኦ አይደለም እኮ፣ ቁመት ነው! አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ከክሩ ሥር ያለውን ክፍተት በማስመሪያ ለኩት፣ 2 ሚሊሜትር፣ 2 ተኩል አካባቢ ከሆነ እሰየው፣ 4 ከሆነ እጃችሁን ሊቀጣችሁ ነው። ደግሞ አዲስ ስለሆነ የተስተካከለ ነው ብላችሁ አታስቡ፣ አንገቱ እንጨት ነው፣ በእርጥበትና በሙቀት ይንቀሳቀሳል፣ ከፋብሪካ ደህና ወጥቶ መንገድ ላይ ሊጎብጥ ይችላል። ውስጡ ትረስ ሮድ የሚባል ብረት አለ፣ እሱን በቁልፍ በጥቂቱ በማዞር ጉብጠቱ ይስተካከላል፣ የቀረው የክሩ ከፍታ ብሪጁ ላይ ባሉት ትንንሽ ብሎኖች ይወርዳል። ራሳችሁ ካልደፈራችሁ የሚችል ሰው ያድርግላችሁ። ርካሽ ቤዝ በደንብ ተስተካክሎ፣ ውድ ቤዝ ሳይስተካከል ቢቀርብልኝ ለጀማሪ ርካሹን ነው የምሰጠው፣ ዓይኔን አላሽም።

ያገለገለ የምትገዙም ከሆነ ሂደቱ ያው ነው፣ ትንሽ ይጨመርበታል። በአንገቱ በኩል እንደ ጠመንጃ አነጣጥራችሁ ተመልከቱ፣ ተጠማዞ ከሆነ ተዉት፣ ትንሽ መጉበጥ ይስተካከላል፣ መጠማዘዝ ግን ራስ ምታት ነው። ትረስ ሮዱ ይዞር እንደሆነ ጠይቁ። ከዛ እያንዳንዱን ክር እያንዳንዱ ፍሬት ላይ አንድ በአንድ ምቱት፣ ሰውዬው ቢሰላችም ይሰልች፣ ዝዝ የሚል ቦታ ካለ አሁን ነው የሚታወቀው። ቀጭኑ ክር ላይ ከአምስተኛው እስከ ሰባተኛው ፍሬት አካባቢ አንድ ኖት ቶሎ ቢሞት አትደንግጡ፣ ብዙ የፌንደር ዓይነት ቤዝ ላይ አለ፣ እንጨቱ ንዝረቱን ስለሚውጠው ነው። የቮልዩምና የቶን ማዞሪያዎቹ ሲዞሩ ቢንኮሻኮሹም በስፕሬይ ይጸዳል። ቱነር፣ ክር መቃኛ አፕ፣ ስልካችሁ ላይ ካለ ደግሞ ክሩን ባዶውን አስተካክላችሁ አሥራ ሁለተኛውን ፍሬት ተጫኑ፣ ያው ኖት አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ መምጣት አለበት፣ ከራቀ ኢንቶኔሽኑ መስተካከል አለበት፣ ያም ብሪጁ ላይ የሚሠራ ነው፣ ግን ዋጋ ስትከራከሩ ጥሩ ምክንያት ነው።

ገንዘቡን ሁሉ ቤዙ ላይ አትጨርሱ። ያለ አምፕ የሚለማመድ ሰው ራሱን ስለማይሰማ በቀኝ እጁ ክሩን ይቀጠቅጠዋል፣ ያ ልማድ ከያዘ ለመተው ጊዜ ይወስዳል። የሄድፎን አምፕ ራሱ በቂ ነው፣ ጎረቤትም አያማርርም። የጊታር አምፕ ካላችሁ ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ መጠቀም ይቻላል፣ ከፍ ካደረጋችሁት ግን ለዛ ዝቅተኛ ድምፅ ያልተሠራ ስፒከር ነው፣ ሊቀደድ ይችላል።

አንድ የመጣ ጥያቄ አለ፣ ግራኝ ነኝ ምን ልግዛ የሚል። ምንም ሳታስቡ ቤዝ እንደያዛችሁ ሆናችሁ አየር ላይ ተጫወቱ፣ የትኛው እጅ ክሩን መምታት እንደፈለገ ታያላችሁ። ግራው ከሆነ የግራኝ ቤዝ ፈልጉ፣ ማካርትኒም ግራኝ ነው። ምርጫው ግን ጠባብ ነው፣ ስለዚህ ሁለቱም እኩል ከተመቻችሁ የቀኙን ውሰዱ፣ የሰው ቤዝ አንስታችሁ መጫወት ትችላላችሁ። በሚቀጥለው ክር እንዴት እንደሚቀየር አሳያችኋለሁ፣ ማለቴ እነግራችኋለሁ፣ ፖድካስት ነው ለካ። ቻው።