ኮርኒስ ይሠራ

ጤና ይስጥልኝ፣ ከጅማ ነኝ። ሰኔ ስለገባና ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚያስጮኸው ይህንን የድምፅ ዝግጅት በጠዋት እየቀዳሁ ነው።

ያ ጩኸት 11 ዓመት ያስተማርኩበትን ክፍል ያስታውሰኛል። ኮርኒስ አልነበረውም። ዝናቡ ሲበረታ ጠመኔዬን አስቀምጬ፣ ልጆቹ የቤት ሥራቸውን እንዲሠሩ በእጄ ምልክት ሰጥቼ፣ እስኪያባራ ቆሜ እጠብቅ ነበር። አንድ ቀን የሱፐርቪዥን መዝገቡን፣ ትምህርት ቤቱን ሊያዩ የሚመጡ ሱፐርቫይዘሮች አስተያየት የሚጽፉበትን፣ ገለጥኩት። «የሰባተኛ ክፍል ኮርኒስ ይሠራ» ይላል። ወደ ኋላ ገለጥኩ፤ አምናም አለ፣ ካቻምናም አለ። ሱፐርቫይዘሮቹ ተቀያይረዋልና የእጅ ጽሑፉ ይለያያል። ቃሉ ግን ያው ነው።

የክልሉ የትምህርት አመራር መዋቅር እንደገና ይደራጅ የሚል ሐሳብ በተነሳ ቁጥር ያ መዝገብ ፊቴ ይመጣል።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 51 የትምህርትን አገር አቀፍ መመዘኛ ማውጣት ለፌዴራል መንግሥት ይሰጣል፤ ትምህርት ቤቶቹን የሚያስተዳድረው ክልሉ ነው። ትእዛዝ ከክልሉ ትምህርት ቢሮ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከዚያ ጎረቤት ትምህርት ቤቶችን በሚያስተባብረው የጉድኝት ማዕከል አልፎ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ይደርሳል። ሲወርድ ፈጣን ነው። ከታች ወደ ላይ የሚላከው ግን መንገድ ላይ ይቀራል። ከ1994 ዓ.ም. ወዲህ በጀት በጥቅል ወደ ወረዳ ይወርዳል፤ ከትምህርት ድርሻው አብዛኛውን የመምህራን ደመወዝ ይወስደዋል። ስለዚህ «ይሠራ» ብሎ የሚጽፈው ሱፐርቫይዘር የሚያሠራበት ገንዘብም ሥልጣንም የለውም። እነዚያን ሰዎች አልወቅስም፤ በጭቃ በእግራቸው የሚመጡ ነበሩ።

ኢንስፔክሽንም አለ። ትምህርት ቤቶችን በ4 ደረጃ ይመድባል፤ መስፈርቱን አሟላ የሚባለው ከደረጃ 3 ጀምሮ ነው። አዲስ አበባ ላይ ጥራትን የሚቆጣጠረው ባለሥልጣን ከትምህርት ቢሮው የተለየ ነው። እኛም ዘንድ መዛኙ ከአስተዳዳሪው እጅ ቢወጣ እወዳለሁ፤ ሰው የገዛ ሥራውን ጉድለት ደፍሮ አይጽፍም። ከዚያ ይበልጥ የምመኘው ግን፣ አንድ ጉድለት በተጻፈ ቁጥር በቀን ተወስኖ መልስ የመስጠት ግዴታ ያለበት ሰው እንዲኖር ነው።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈተኑት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ ጣቱ ሁሉ ወደ ተማሪውና ወደ መምህሩ ተቀሰረ። እኔ ግን በዝናብ ያቋረጥኳቸውን ክፍለ ጊዜያት ስቆጥር አደርኩ።

ባለፈው ወር ወደዚያ ትምህርት ቤት ጎራ ብዬ ነበር። ኮርኒሱ ተሠርቷል። ቡና በተሸጠ ሰሞን ወላጆች አዋጥተው ነው ያሠሩት፤ አንድ አባት ጣውላውን ከቤታቸው አምጥተዋል። መዝገቡን እንዲያሳዩኝ ጠየቅኩ። ኮርኒሱ መሠራቱን የጻፈ የለም።