መንጠቆ ይዤ ያየኋቸው ወፎች

ጤና ይስጥልኝ፣ ወዳጆቼ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዝዋይ ሐይቅ ዳር ቆሮሶ ለማጥመድ ተቀምጬ ነበር። ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለ ዓሣው አይደለም።

ጸደይ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው አደይ አበባን ነው። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ግን የመስከረሙ ወቅት መፀው ነው፤ ጸደይ የሚገባው መጋቢት 26 ቀን ነው። ሐይቅ ዳር ለሚውል ሰው ይህኛው አቆጣጠር ልብ ያሞቃል፤ በጋውን እኛ ዘንድ ያሳለፉት ዳክዬዎች ወደ አውሮፓና ወደ እስያ የሚመለሱት በዚሁ ሰሞን ነውና።

ከሁሉም የምወደው በእንግሊዝኛ ጋርጋኒ የሚባለውን ትንሽ ዳክዬ ነው። በጥቅምት ሲመጣ ወንዱ ከሴቷ አይለይም፤ ሁለቱም ቡናማ ናቸው። የካቲት ላይ ላባውን ይቀይርና ከዓይኑ በላይ እንደ ቅንድብ የተሳለ ነጭ መስመር ያወጣል። ያን ቅንድብ ሳይ መሄጃው መቃረቡን አውቃለሁ፤ ደስታና ቅሬታ አንድ ላይ ይሰማኛል። ከሁለት ሳምንት በፊት ከፊላው ጀርባ ውሃውን ሸፍነውት ነበር። ቅዳሜ ዘጠኝ ብቻ ቆጠርኩ።

ወፍ ለማየት ብዬ የሄድኩባቸው ቀናት ነበሩ። እየተንጎራደድኩ፣ እያጮለቅኩ አባርራቸው ነበር። መንጠቆ የያዘ ሰው ግን ዓይኑን ቡሹ ላይ ተክሎ ዝም ይላል፤ ወፎቹም ይረሱታል። ባለፈው ዓመት ረጃጅም ጣቶች ያሉት፣ በውሃ አበባ ቅጠል ላይ የሚራመደው ቡናማ ወፍ ከእኔ አምስት እርምጃ ርቀት ላይ ቆመ። የዚህ ወፍ እንቁላል የሚታቀፈው ወንዱ ነው። ጭልፊት ከላይ ሲያንዣብብ ጫጩቶቹን በክንፎቹ ሥር ሸክፎ ሮጠ፤ ከብብቱ ቀጫጭን እግሮች ተንጠልጥለው ይታዩ ነበር። እስከ ዛሬ እንዲህ ያለ አባት አላየሁም።

ፔሊካኖቹን በተመለከተ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። ቀድሞ ዓሣ የሚሻሙኝ ይመስለኝ ነበር። የሚፈለፍሉት በሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ ነው፤ ምግባቸውን ደግሞ ከጎረቤቷ ከአቢጃታ ያገኙ ነበር። ወደ አቢጃታ የሚገባው ውሃ ሲቀንስ ሐይቋ ሸሸች፣ ጨዋማነቷ በረታ፣ ዓሣዋም ጠፋ። ወላጆቹ ለጫጩቶቻቸው ምግብ ፍለጋ ሩቅ መብረር ግድ ሆነባቸው። አሁን ከራሴ በላይ ሲያልፉ ሳይ የደከመ ክንፍ ነው የሚታየኝ።

አንድ ነገር ደግሞ እለምናችኋለሁ። የተበጠሰ የናይለን ክር ዳርቻ ላይ አትጣሉ። አንድ ጊዜ አንዲት ነጭ ሽመላ ሁለት እግሮቿ በክር ታስረው አገኘሁ። በቢላዋ ስፈታት ልቧ በመዳፌ ላይ ይመታ ነበር። ክሩ ሥጋዋ ውስጥ ገብቶ ስለነበር በማግስቱ ሞተች። ከዚያ ወዲህ ከዓሣው ከረጢት ጎን ሌላ ከረጢት እይዛለሁ፤ የሌሎችንም ክር እለቅማለሁ።

ቅዳሜ ፀሐይ ስትጠልቅ ከዘጠኙ ስድስቱ ከፊላው ተነሡ። ሐይቁን አንድ ጊዜ ዞሩት፣ ከፍ አሉ፣ ወደ ሰሜን አቀኑ። ቡሼ ሰምጦ ነበር፤ ክሩም እጄን ይስብ ነበር። እኔ ግን ሰማዩ ላይ ነጥብ እስኪሆኑ ድረስ አልተነቃነቅኩም።