አዳራሹ የማን ሠርግ እንደሆነና መቼ እንደሆነ ይናገር

ክቡራትና ክቡራን፣ በቅርቡ ለመጋባት የወሰናችሁ ሙሽሮች፣ እነሱን ለማገዝ አብራችሁ የመጣችሁ ወላጆችና ሚዜዎች፣ እንዲሁም በዲኮር ሥራ የተሰማራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፤ ስለ ሠርግ ግብዣ ማስጌጫ አመራረጥ የማስበውን እንዳካፍላችሁ ስለጋበዛችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

የሠርግ አዳራሽ በማስጌጥ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ሙሽሮች ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያነጋግሩኝ ሲመጡ በአብዛኛው ይዘው የሚመጡት የሌላ ሰው ሠርግ ፎቶግራፍ ነው። ስልካቸውን አውጥተው «እንዲህ እንዲሆንልን እንፈልጋለን» ይሉኛል። ፎቶግራፉ ውብ መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን የተነሣው በሌላ አዳራሽ፣ በሌላ ወር፣ ለሌሎች ሁለት ሰዎች ነው። ስለዚህ ስልኩን ለጥቂት ደቂቃ እንዲያስቀምጡት በትሕትና እጠይቅና ሁለት ጥያቄ አቀርብላቸዋለሁ። አንደኛው፣ ግብዣው የሚውለው በየትኛው ወቅት፣ በስንት ሰዓት ነው? ሁለተኛው፣ ሌላ ሙሽራ ሊያመጣው የማይችል፣ የእናንተ ብቻ የሆነ ነገር ምን አላችሁ? ዛሬ የምናገረውም ስለእነዚሁ ሁለት ጥያቄዎች ነው።

ከወቅቱ ልጀምር። ወቅት ሲባል ብዙዎቻችን ወዲያው ወደ ቀለም እንሄዳለን፤ ለብርድ ወራት ቀይና ወርቃማ፣ ለሙቀት ወራት ቢጫና ነጭ እንላለን። ይህ ስሕተት ባይሆንም የነገሩ ዳር እንጂ መሐል አይደለም። በእኔ እምነት ወቅት ማለት ከሁሉ አስቀድሞ ብርሃን ነው፦ ግብዣው ሲጀመር ፀሐይ ገና በመስኮት ትገባለች ወይስ ጠልቃለች? ቀጥሎ አየሩ ነው፦ ነፋስ አለ ወይ፣ ዝናብ ያሰጋል ወይ፣ ሙቀቱ ሻማ ያጎብጣል ወይ? አበባ የሚመጣው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አራት ወቅቶች በማይፈራረቁበት፣ የዝናብና የደረቅ ወራት ብቻ በሚታወቁበት አካባቢም ጥያቄው ያው ነው።

ብርሃንን ያስቀደምኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የብርሃን ቀለም ኬልቪን በተባለ መለኪያ ይለካል፤ የቀትር ፀሐይ ብርሃን በግምት 5,500 ኬልቪን ሲሆን፣ ሞቅ ያለ ቢጫ አምፖል 2,700፣ የሻማ ነበልባል ደግሞ ወደ 1,900 ኬልቪን ይጠጋል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ብርሃኑ ወደ ቢጫና ወደ ብርቱካናማ ያደላል፤ ሰማያዊው ክፍል እየሳሳ ይሄዳል። እንግዲህ በቀን ብርሃን ልብ የሚሰርቅ ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ አበባ መርጣችሁ በምሽት ሻማ ብቻ ብታበሩለት፣ አበባው ጠቁሮ ከጠረጴዛው ላይ የጠፋ ይመስላል፤ አንጸባራቂው ቀለም የሚያንጸባርቀውን ብርሃን አላገኘምና። ነጭ፣ ክሬምና ፈዘዝ ያለ ሮዝ ግን ያንኑ ደካማ የሻማ ብርሃን ተቀብለው መልሰው ይሰጡታል። ስለዚህ የቀን ግብዣ ያላችሁ ደማቁንም ጥቁሩንም ቀለም እንደልባችሁ ምረጡ፤ ፀሐይ ቶሎ በምትጠልቅበት ወቅት የምሽት ግብዣ ያላችሁ ግን የጨርቁንም የአበባውንም ናሙና ይዛችሁ፣ ግብዣው በሚካሄድበት ሰዓት፣ በዚያው አዳራሽ መብራት ሥር ተመልከቱት። በሱቅ መብራት የተመረጠ ቀለም ብዙ ሰው አሳዝኗል።

አሁን ወደ አበባው ልለፍ፤ እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት መናገር ይኖርብኛል። ሥራ በጀመርኩበት ዘመን አንዲት ሙሽራ ፒዮኒ አበባ ፈለገች። ፒዮኒ በፀደይ መጨረሻ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ የሚያብብ ነው፤ ሠርጉ ግን ከዚያ ብዙ ወራት ርቆ ነበር። እኔም እምቢ ማለት አልደፈርኩም፤ ወቅቱ ከሚስማማበት ሩቅ አገር እንዲመጣ አዘዝኩ። ሳጥኑን ስከፍት እንቡጦቹ እንደ ጠጠር ጠንክረው አገኘኋቸው። ፒዮኒ ለመንገድ ሲቆረጥ ገና ሳይፈነዳ መሆኑ ትክክል ነው፤ ነገር ግን በጣት ሲጫኑት ለስለስ የሚልበት ደረጃ ላይ መድረስ አለበት፤ ከዚያ በፊት የተቆረጠ እንቡጥ አብዛኛውን ጊዜ ሳይፈነዳ ይቀራል። ግንዱን ደግመን ቆረጥን፣ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አኖርነው፣ ሌሊቱን ሙሉ እየተነሣን አየነው። እንግዶች ሲገቡ በየጠረጴዛው ላይ የቆመው ድቡልቡል አረንጓዴ እንቡጥ ነበር። በዚያች ሰዓት በአዳራሹ መስኮት በኩል አጥሩ ላይ የተንዠረገገ ነጭ አበባ ይታየኝ ነበር፤ ወቅቱ የሰጠው፣ በእጅ ሊቆረጥ የሚችል፣ ማንም ያላሰበው። ሙሽራዋ አንድም ቃል አልተናገረችኝም፤ እኔ ግን ያንን አጥር እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ከዚያ ወዲህ ሙሽሮችን «የትኛውን አበባ ትወዳላችሁ?» ከማለት ይልቅ «በዚያ ሳምንት ምን ያብባል?» ብለን አብረን እንድንጠይቅ አደርጋለሁ። የአበባውን ጠባይ ማወቅም ከምርጫው አይለይም። ቱሊፕ ከተቆረጠ በኋላም ማደጉን ይቀጥላል፣ አንገቱንም ወደ ብርሃን ያዞራል፤ ስለዚህ ቀጥ ብሎ እንዲቆም የምትፈልጉት ከሆነ ሌላ ምረጡ፣ እንደልቡ መጉበጡን ከወደዳችሁት ግን እጅግ ያማረ ነው። ዳሊያ ከሞቃቱ ወቅት አጋማሽ ጀምሮ የመጀመሪያው ውርጭ እስኪመታው ድረስ በብዛት ይገኛል። ሃይድሬንጂያ ውኃ ካጣ ፈጥኖ ይጠወልጋል፤ በጠራራ ፀሐይ ለሚደረግ ግብዣ አልመክረውም። ሊሊ ዱቄቱ ነጭ ጨርቅ ላይ ከወደቀ አይለቅምና ዱቄት ያዘሉት ዘንጎች አስቀድመው በጥንቃቄ ይነቀሉ፤ ሽታውም ከምግብ ጋር ስለሚጋጭ ከመመገቢያ ጠረጴዛ ይልቅ መግቢያው ላይ ቢቆም ይሻላል። አበባ በሌለበት ወቅት የሚያገቡም ማዘን የለባቸውም። ባዶ ቅርንጫፍ፣ የደረቀ የሣር ዘለላ፣ የማይረግፍ ቅጠል፣ በፍሬ የተሞላ ዘንግ ሁሉ የወቅቱ ስጦታ ነው። ላቬንደር በሚያብብበት ወር ቆርጦ፣ በጥቂት በጥቂቱ አስሮ፣ አየር በሚገባበት ጨለማ ክፍል ውስጥ ቁልቁል ሰቅሎ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ማቆየት ለቀዝቃዛው ወር ግብዣ ስንቅ ይሆናል።

ፍራፍሬ ከአበባ ጋር ቀላቅላችሁ ማስጌጥ ለምትፈልጉ አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። እንደ ፖምና ሙዝ ያሉ ፍሬዎች ሲበስሉ ኤትሊን የተባለ ጋዝ ያወጣሉ፤ ይህ ጋዝ አበባን፣ በተለይም ካርኔሽንን፣ ያለ ዕድሜው ያጠወልጋል። በጠረጴዛ ላይ ለጥቂት ሰዓት አብረው ቢውሉ ብዙም ጉዳት የለውም፤ ሌሊቱን በአንድ ጠባብ ክፍል ወይም በአንድ ማቀዝቀዣ ውስጥ አብረው እንዲያድሩ ግን አታድርጉ። አበባውን ራሳችሁ የምታዘጋጁ ከሆነ በዋዜማው ግንዱን በስለታም ቢላ በሰያፍ ቁረጡት፣ ውኃ ውስጥ የሚገባውን ቅጠል በሙሉ አራግፉ፣ ከዚያም በቀዝቃዛ ጥላ ሥር ለብዙ ሰዓት ውኃ እንዲጠጣ ተዉት።

ወቅቱንና የራስን ታሪክ ስለማዋሐድ ሳስብ እ.ኤ.አ. አፕሪል 29 ቀን 2011 በዌስትሚንስተር አቤይ የተፈጸመው የብሪታንያው ልዑል ዊሊያምና የካትሪን ሚድልተን ጋብቻ ትዝ ይለኛል። በእርግጥ ያ ቦታ ቤተ ክርስቲያን እንጂ የግብዣ አዳራሽ አልነበረም፤ ሐሳቡ ግን ለእኛም ይጠቅማል። በመተላለፊያው ግራና ቀኝ የቆሙት ቅጠላቸው ገና የለመለመ ስድስት የሜፕልና ሁለት የሆርንቢም ዛፎች ነበሩ፤ ከሥራቸው ጋር በማስቀመጫ የመጡ እንጂ የተቆረጡ አልነበሩም። ሙሽራዋ በያዘችው እቅፍ አበባ ውስጥ ደግሞ ንግሥት ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. በ1845 ኦስቦርን ሃውስ በተባለው መኖሪያዋ ከተከለችው ሚርትል ከሚባል ቁጥቋጦ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ነበረበት። ዛፎቹ ወሩን ተናገሩ፣ ትንሿ ቅርንጫፍ ቤተሰቡን ተናገረች። ይህን ለማድረግ ቤተ መንግሥት አያስፈልግም። ከአያት ግቢ የተቆረጠ የጽጌረዳ ዘንግ ካላችሁ፣ ወይም ሁለታችሁ መጀመሪያ በተገናኛችሁበት መንገድ ዳር የሚበቅለውን ቅጠል የምታውቁት ከሆነ፣ የዚያው ዓይነት ነገር በእጃችሁ ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ የሚያደርሰኝም ይኸው ነው። «የእናንተ ብቻ የሆነ ነገር ምን አላችሁ?» ስል ብዙ ሙሽሮች ዝም ይላሉ፤ «እኛ የተለየ ነገር የለንም» የሚሉም አሉ። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለችኝ ሙሽራ አባቷ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ይህንን የነገረችኝ ስለ ማስጌጫው ስንነጋገር ሳይሆን ልትወጣ ስትል፣ ቀሚሷን ማን እንደሚሰፋላት ስጠይቃት ነው። ተመልሳ እንድትቀመጥ ለመንኳት። በቀጣዩ ሳምንት ከአባቷ ሱቅ ክሩ ያለቀ የእንጨት በከራ በከረጢት ሞልታ አመጣች። በየበከራው ቀዳዳ አንዳንድ ቀጭን የመስክ አበባ ሰካን፤ ወቅቱ መስኩ የሚያብብበት ስለነበረ አበባው ሞልቶ ተርፏል። የጠረጴዛውን ቁጥር በልብስ ሰፊ ጠመኔ በጥቁር ጨርቅ ቁራጭ ላይ ጻፍነው። ወላጆች በሚቀመጡበት ጠረጴዛ ላይ ደግሞ አባትየው ለዓመታት የሠሩበትን፣ ቁጥሩ በግማሽ የጠፋውን የጨርቅ ሜትር በአበባ ማስቀመጫው ወገብ ላይ ጠመጠምነው።

አባትየው አዳራሹ ሲዘጋጅ አላዩም። ምሽት ላይ ገብተው ሲቀመጡ ሜትሩን አዩት። ምንም አልተናገሩም፤ እጃቸውን ዘርግተው የተጣጠፈውን ጫፍ በአውራ ጣታቸው አስተካከሉት፣ ልክ ደንበኛ ፊታቸው የቆመ ይመስል። ሙሽራዋ ከመድረኩ ላይ ታያቸው ነበር። የዚያ አዳራሽ ማስጌጫ ካደረግኳቸው ሁሉ ወጪው ትንሹ ነበር፤ ከሠራሁት ሁሉ ግን በጣም የምኮራበት እሱ ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚሹ ጉዳዮችን ሳላነሣ አላልፍም። የግል ነገር ሲበዛ አዳራሹ የዕቃ ማሳያ ይሆናል፤ እንግዳውም ከሙሽሮቹ ጋር መደሰቱን ትቶ የእያንዳንዱን ዕቃ ማብራሪያ ሲያነብ ያመሻል። አንድ ነገር መርጣችሁ በየጠረጴዛው ብትደጋግሙት ይሻላል። አሮጌ ደብዳቤም ሆነ ፎቶግራፍ ስታስቀምጡ ዋናውን ቤት ትታችሁ ቅጂውን አምጡ፤ በሻማና በውኃ መካከል የሚቀመጥ ነገር ነውና። በሕይወት የሌለ ሰው ፎቶግራፍ ማኖር ከፈለጋችሁ ደግሞ ቅርብ ዘመዶቹን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ፈቃዳቸው ከሆነም ሁሉም ተሰልፎ በሚያልፍበት መግቢያ ሳይሆን፣ ሊያየው የፈለገ ሰው ብቻውን ቆም ብሎ ሊያየው በሚችልበት ጥግ አኑሩት።

ስለ ጠረጴዛው አቀማመጥ የምለው አጭር ነው። እንግዶች ፊት ለፊት የተቀመጠውን ሰው ዓይን ማየት አለባቸው። ስለዚህ የጠረጴዛው ማስጌጫ ከ30 ሴንቲ ሜትር ባይበልጥ፣ ከፍ እንዲል ካስፈለገም ቀጭን ዘንግ ላይ ሆኖ አበባው ከ60 ሴንቲ ሜትር በላይ ቢጀምር መልካም ነው። በመካከሉ ያለው ቁመት ፊት ይጋርዳል። ፊኛን በሚመለከት፣ በሂሊየም የተሞላ ተራ የጎማ ፊኛ ከግማሽ ቀን እስከ አንድ ቀን ብቻ ስለሚንሳፈፍ በዋዜማው አትሙሉት።

አበባ ለመሰካት የምንጠቀምበትን አረንጓዴ ስፖንጅ በተመለከተ ለሙያ ባልደረቦቼ አንድ ልመና አለኝ። ስፖንጁ ከፕላስቲክ የተሠራ ነው፤ ተፈርፍሮ ወደ ውኃና ወደ አፈር ይገባል እንጂ አይበሰብስም። ሮያል ሆርቲካልቸራል ሶሳይቲ የተባለው የብሪታንያ የአትክልት ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በአበባ ትርዒቶቹ ላይ እንዳይገባ ከልክሎታል። የወቅቱን አበባ ከመስክ ቆርጠን በማይበሰብስ ነገር ላይ መትከላችን ለእኔ ከባድ ቅራኔ ነው። የተጣጠፈ የሽቦ ወንፊት በማሰሮ ውስጥ ብናስገባ ያንኑ አገልግሎት ይሰጠናል፤ ታጥቦም ለሚቀጥለው ሠርግ ይደርሳል።

በመጨረሻ፣ ማስጌጫውን በምትመርጡበት በዚያው ዕለት ከግብዣው በኋላ እያንዳንዱ ነገር ወዴት እንደሚሄድ ጻፉ። ሙሽሮች ሲሄዱ፣ ወላጆች ሲደክሙ፣ አዳራሹን የሚያጸዱት ሰዎች የአያትን ጨርቅ ከተራ ጨርቅ የሚለዩበት መንገድ የላቸውም። በማሰሮ ያለውን ተክል ማን ተረክቦ እንደሚተክለው፣ የተቆረጠው አበባ ወደ የትኛው ጎረቤት ወይም ሕመምተኛ እንደሚሄድ፣ የቤተሰቡን ዕቃ ማን በእጁ ይዞ እንደሚወጣ በስም ይጻፍ። በዚያ በነገርኳችሁ ሠርግ ሜትሩን እንድትረከብ የተመደበችው የሙሽራዋ ታናሽ እህት ነበረች። እኔ ማስቀመጫዎቼን ለመሰብሰብ በማግስቱ ጠዋት ስመለስ በሱቁ በኩል አለፍኩ፤ አባትየው ሜትሩን አንገታቸው ላይ አድርገው የአንድ ሰው ትከሻ እየለኩ ነበር።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።