በአምስተርዳም የመኪናችሁ መስታወት ቢሰበር፦ ከመንገድ ጠጠር እስከ ፖሊስ ወረቀት

(ምስል፦ በማለዳ በቦይ ዳር የቆመ መኪና፤ ከኋላ በሩ ሥር አስፋልቱ ላይ የተበተነ የመስታወት ፍርፋሪ።)

ተራኪ፦ ከኮሎኝ አምስተርዳም በመኪና 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በጀርመን በኩል ኤ3 የሚባለው አውራ ጎዳና ኤልተን አጠገብ ድንበሩን ሲሻገር ኤ12 ይሆናል፤ አርንሄምን አልፎ ዩትሬኽት ሲደርስም ወደ ኤ2 ተዛውራችሁ አምስተርዳም ትገባላችሁ። በጀርመን የሚኖሩ ወገኖቻችን ለሠርግ፣ ለክርስትና ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ቅዳሜ ሄደው እሑድ የሚመለሱበት መንገድ ነው። በዚህ ቪዲዮ የምናብራራው በእንዲህ ያለ አጭር ጉዞ ላይ የመኪና መስታወት ቢጎዳ ምን መደረግ እንዳለበት ነው። ጉዳቱ በሁለት መንገድ ይመጣል፤ አንዱ ጎዳና ላይ ከፊት ካለ መኪና ጎማ ሥር በተፈናጠረ ጠጠር፣ ሌላው መኪናው በቆመበት በሌባ እጅ። በጠጠሩ ጊዜ የሚያስፈልገው መፍጠን ሲሆን፣ በሌባው ጊዜ ግን ከመፍጠን ይልቅ ቅደም ተከተል መጠበቅ ይበልጣል።

(ምስል፦ የፊት መስታወት ላይ የኮከብ ቅርጽ ያለው ትንሽ ጉዳት፤ አጠገቡ የሁለት ዩሮ ሳንቲም።)

ተራኪ፦ ከጠጠሩ እንጀምር። የፊት መስታወት አንድ መስታወት አይደለም፤ ሁለት መስታወቶች በመሃላቸው ባለ ስስ የፕላስቲክ ሽፋን ተጣብቀው የተሠራ ነው። ጠጠር ሲመታው አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው የውጭው መስታወት ብቻ ስለሆነ፣ መስታወቱ ሳይረግፍ ትንሽ ጉድጓድ ወይም የኮከብ ቅርጽ ያለው ስንጥቅ ይተዋል። ይህ ጉዳት ከሁለት ዩሮ ሳንቲም ካልበለጠ፣ በሾፌሩ ቀጥተኛ የእይታ መስመር ላይ ካልዋለና ለመስታወቱ ጠርዝ ካልቀረበ፣ አብዛኛውን ጊዜ መስታወቱ ሳይቀየር ሊጠገን ይችላል። ባለሙያው ከጉድጓዱ ውስጥ አየሩን ስቦ ያወጣና ሬዚን የሚባል ፈሳሽ ይሞላበታል፤ ከዚያም በአልትራቫዮሌት ብርሃን ያደርቀዋል። ሥራው ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስዳል።

ሬዚኑ በደንብ የሚይዘው ግን ጉድጓዱ ንጹሕና ደረቅ ሲሆን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በደህና መቆም በምትችሉበት ቦታ ላይ ጉዳቱን ከውጭ በኩል በንጹሕ ስኮች ሸፍኑት፤ የእይታ መስመራችሁን ግን አይጋርድ። መኪናውን በከፍተኛ ግፊት ውኃ አታሳጥቡት። በብርድ ጠዋት በመስታወቱ ላይ የያዘውን በረዶ ለማቅለጥ ሙቅ ውኃ አታፍስሱበት፤ የመኪናውን ማሞቂያም በአንዴ እስከ መጨረሻ ከፍታችሁ ወደ መስታወቱ አታዙሩት። የሙቀት ለውጥ ሲደርስበት መስታወቱ ስለሚሳብና ስለሚሰበሰብ፣ ማታ የሳንቲም ያህል የነበረው ጉዳት ጠዋት ክንድ የሚያህል ስንጥቅ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ያን ጊዜ ጥገና አይሠራም፤ ሙሉው መስታወት ይቀየራል።

(ምስል፦ የመኪና ማቆሚያ ማሽን፤ ከዚያ ወደ መሃል ከተማ የሚጓዝ ትራም።)

ተራኪ፦ አሁን ወደ ከተማው እንግባ። አምስተርዳም ለመኪና የተመቸ ከተማ አይደለም፤ ይህም በአጋጣሚ ሳይሆን በከተማው ምርጫ የሆነ ነው። ከታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአብዛኛዎቹ መንገዶች ላይ የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከ2025 መጀመሪያ ወዲህ ደግሞ በኤ10 ቀለበት መንገድ ውስጥ ዩሮ 5 የተባለውን የጭስ ልቀት ደረጃ የማያሟላ የናፍጣ መኪና መግባት አይችልም፤ የውጭ አገር ታርጋም ከዚህ ነፃ አያደርግም። በመንገድ ዳር ስታቆሙ ማሽኑ ኬንቴከን ብሎ የሚጠይቃችሁ የታርጋ ቁጥራችሁን ነው፤ ክፍያውም በመሃል ከተማ በሰዓት ከሰባት ዩሮ በላይ ይደርሳል። ለዚህ ሁሉ የሚሻለው መኪናውን በከተማው ዙሪያ በሚገኙት ፒ ፕላስ አር በሚባሉ ማቆሚያዎች፣ ለምሳሌ በኦሊምፒክ ስታዲየም፣ በስሎተርዳይክ፣ በዜቡርኽ ወይም በዮሃን ክራይፍ አሬና፣ ትቶ በትራም ወይም በሜትሮ መግባት ነው። የእነዚህን ማቆሚያዎች ቅናሽ ለማግኘት ግን ወደ መሃል ከተማ በሕዝብ ትራንስፖርት ደርሳችሁ መመለሳችሁ በምትጓዙበት ካርድ መመዝገብ አለበት፤ ካልተመዘገበ ሙሉውን ዋጋ ትከፍላላችሁ።

የትም ብታቆሙ በመኪናው ውስጥ ከውጭ የሚታይ ምንም ነገር አይኑር። የስልክ ቻርጀር ሽቦ፣ መስታወቱ ላይ የቀረ የስልክ መያዣ ክብ አሻራ፣ ወንበር ላይ የተጣለ ጃኬት ለሌባ በቂ ምክንያት ናቸው። ሻንጣ ከኋላ ዕቃ መጫኛ የሚገባው ከቤት ስትነሡ እንጂ ማቆሚያው ላይ ሰው እያያችሁ አይደለም።

ከሁሉ በላይ አደራ የምንለው ስለ ሰነድ ነው። ኔዘርላንድስ ከታኅሣሥ 2024 ጀምሮ በየብስ ድንበሯ ላይ ቁጥጥር ጀምራለች፤ ጀርመንም ከመስከረም 2024 ጀምሮ እንዲሁ አድርጋለች። በዚህ ምክንያት የቤተሰቡን ሁሉ ፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድ ይዞ መጓዝ የግድ ነው። ብዙዎቻችን እነዚህን ሰነዶች በአንድ ፖስታ አድርገን ከክሩስኮቱ ሥር ባለው ሳጥን ውስጥ እናስቀምጣለን፤ ድንበሩን ካለፍን በኋላም እዚያው ይቀራሉ። መስታወት በአንድ ቀን ይተካል፤ የመኖሪያ ፈቃድ ግን ወራት ሊወስድ ይችላል፤ በእነዚያ ወራት ውስጥ ሥራም፣ ጉዞም፣ የባንክ ጉዳይም ይጓተታል። ከመኪናው ስትወርዱ ፖስታው ከእናንተ ጋር ይውረድ፤ የሰነዶቹን ፎቶም ከስልካችሁ ውጭ በሌላ ቦታ አስቀምጡ።

(ምስል፦ የተሰበረ የኋላ በር መስታወት፤ ፎቶ የሚያነሣ እጅ።)

ተራኪ፦ ይህም ሁሉ ተደርጎ መስታወቱ ተሰብሮ ብታገኙት፣ ሌባው ገና እዚያው ካለ ራቅ ብላችሁ ወደ ድንገተኛ ጥሪ ቁጥሩ 112 ደውሉ። ከሄደ በኋላ ከሆነ ግን የሚደወለው መደበኛው የፖሊስ ቁጥር 0900 8844 ነው፤ በውጭ አገር ስልክ ደግሞ +31 34 357 8844። ፍርፋሪውን ከማጽዳታችሁ በፊት መኪናውን ከነታርጋው፣ የተሰበረውን መስታወት በቅርብ፣ የመንገዱን ስም የያዘውን ሰሌዳ ከመኪናው ጋር በአንድ ላይ ፎቶ አንሡ። ለፖሊስ የሚቀርበው የወንጀል አቤቱታ በኔዘርላንድስ አንኺፍተ ይባላል፤ ይህን ቃል ብቻ ብትሉም የፈለጋችሁትን ይረዳሉ። ከዚያ የምታገኙት ወረቀትና የመዝገብ ቁጥር ለኢንሹራንስ፣ ለኤምባሲና ለውጭ ዜጎች ጽሕፈት ቤት አስፈላጊ ማስረጃ ስለሆነ ሳትይዙት ከአገሩ አትውጡ።

የባንክ ካርድ ተሰርቆ ከሆነ የጀርመን ካርዶችን ለማዘጋት +49 116 116 ላይ ይደወላል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የጠፋበት ሰው በርሊን ላለው ኤምባሲ ወይም ለፍራንክፈርት ቆንስላ ያመለክታል፤ የጀርመን የስደተኛ የጉዞ ሰነድና የመኖሪያ ፈቃድ የጠፋበት ደግሞ ለሚኖርበት ከተማ የውጭ ዜጎች ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ አለበት።

ኢንሹራንስን በሚመለከት አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። በጀርመን ግዴታ የሆነው የሃፍትፍሊኽት መድን እናንተ በሌላ ሰው ላይ ያደረሳችሁትን ጉዳት እንጂ የራሳችሁን መስታወት አይከፍልም። መስታወት የሚሸፈነው ታይልካስኮ የሚባለው በፈቃደኝነት የሚገባ ከፊል መድን ካላችሁ ነው፤ በጠጠር የተጎዳውንም በሌባ የተሰበረውንም ይሸፍናል፤ በእርሱ መጠቀማችሁም ያለ አደጋ በመንዳት ያገኛችሁትን የቅናሽ ደረጃ አያወርደውም። በውሉ ላይ ከራስ የሚከፈል ተብሎ የተጻፈውን መጠን ግን እናንተ ትከፍላላችሁ። ከመኪናው ውስጥ የተሰረቀ ሻንጣ በዚህ መድን አይካተትም፤ እርሱን የሚያዩት የቤት ዕቃ ወይም የጉዞ መድን ናቸው። መኪናው የኪራይ ከሆነ አከራዩ ሳይፈቅድ ምንም ዓይነት ጥገና አታስጀምሩ፤ በብዙ የኪራይ ውሎች ውስጥ መስታወት ከመደበኛው ሽፋን ውጭ ነውና።

(ምስል፦ የሕፃን ወንበር በቫኪዩም ሲጸዳ።)

ተራኪ፦ የጎንና የኋላ መስታወት በአብዛኛዎቹ መኪኖች በሙቀት የጠነከረ ስለሆነ ሲሰበር እንደ ጨው ይረግፋል፤ አይጠገንም፣ ይተካል። ፍርፋሪው ወደ በሩ ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ ባለሙያው በሩን ከፍቶ ሳያጸዳው መስታወቱን አትክፈቱ፣ አትዝጉ። የሕፃን ወንበር ካለ ልብሱ ወልቆ ከነማሰሪያው ቀዳዳዎች በቫኪዩም ካልጸዳ ልጅ አይቀመጥበት። የኋላው በር መስታወት ከሆነ ፕላስቲክ ለጥፋችሁ ቀስ ብላችሁ እስከ ጋራዡ ልትነዱ ትችላላችሁ፤ የፊት በር ከሆነ ግን ፕላስቲኩ የጎን መመልከቻውን ይጋርዳል፤ ሳይክል በየአቅጣጫው በሚመጣበት በአምስተርዳም ውስጥ እንዲህ ሆኖ መንዳት ለሰው ሕይወት አደገኛ ነው። የመኪና እርዳታ አባልነት ካላችሁ እነርሱን ጥሩ፤ ከሌላችሁ ወደ መስታወት ጥገና ድርጅት ደውላችሁ ራውትስኻደ፣ ማለትም የመስታወት ጉዳት፣ በሉና የመኪናውን ዓይነት፣ የተሠራበትን ዓመትና የሻንሲ ቁጥሩን ንገሩ። ሁሉም መስታወት በመጋዘን ስለማይገኝ አንድ ሌሊት መጠበቅ ሊያስፈልግ ይችላል።

የፊት መስታወት ከተቀየረ ሁለት ነገር ጠይቁ። የመጀመሪያው፣ ማጣበቂያው መኪናውን ለመንዳት የሚያበቃ ጥንካሬ የሚያገኘው ከስንት ሰዓት በኋላ እንደሆነ ነው፤ መስታወቱ በግጭት ጊዜ ለተሳፋሪው የአየር ከረጢት መደገፊያ ስለሚሆን፣ ከተነገራችሁ ጊዜ በፊት አትንዱ። ሁለተኛው፣ ከመስታወቱ ጀርባ ያለው ካሜራ ተስተካክሎ እንደሆነ ነው። መኪናው በራሱ ፍሬን የሚይዝ ወይም መሥመሩን የሚጠብቅ ከሆነ ካሜራው አዲሱን መስታወት ተከትሎ እንደገና መለካት አለበት፤ የመለካቱንም ማረጋገጫ ወረቀት ከደረሰኙ ጋር ተቀብላችሁ ወደ ኤ2 ውጡ።